የፒሺማ ጭልፋና የእኔ ግራ ዓይን

ፒሺማ ሄማንጊኒ በሰባ አራት ዓመት ዕድሜያቸው ብዙ ነገር ለቀዋል። ባላቸው የሞቱ ዕለት ዓሣ መብላትን ተዉ፤ ጉልበታቸው በታመመ ጊዜ ወደ ወንዙ ወርዶ መታጠብን ተዉ፤ የወንድማቸው ልጅ ባገባ ማግስት የጓዳውን ቁልፍ ከሚጎናጸፉት ሳሪ ጫፍ ፈትተው ለሙሽራይቱ አስረከቡ። ጭልፋቸውን ግን ለማንም አልሰጡም።

ለሰው ልጅ መከራ ሁሉ አንድ ፍቱን መድኃኒት አገኘሁ ብሎ የሚያምን ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተመሠረተም። አንዱ ሰፈር ዝንጅብል የሚያዝዝ አለው፤ ሌላው ማለዳ መነሣትን፣ ሦስተኛው በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብን የሚሰብክ አለው። በክሪሽናናጋር ከተማ፣ በእኛ በሸማኔዎች ሰፈር፣ ይህን ታላቅ መንበር የያዙት ፒሺማ ሄማንጊኒ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ጥሬ ማንጎ ነው። ፒሺማ ማለት የአባት እኅት ማለት ነው። የማን አባት እኅት እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ግን የለም፤ የሰፈሩ ሁሉ ናቸው። እኔ በሦስት ዓመት የምበልጣቸው ሽማግሌ ሆኜ ሳለሁ ፒሺማ እላቸዋለሁ።

ፀሐይ ለመታው ሰው በፍም የተጠበሰ ጥሬ ማንጎ ያዝዛሉ፤ ልጡ እስኪከስል ተጠብሶ፣ ሥጋው ተጨምቆ፣ በስኳር፣ በጥቁር ጨውና በታመሰ ከሙን ተበጥብጦ የሚጠጣ። ይህን ሐኪሞችም አይቃወሙም። ፒሺማ ግን በዚህ አያበቁም። ፈተና ለወደቀች ተማሪ፣ ምስር በጥሬ ማንጎ። ሥራ ለተነፈገ ጎልማሳ፣ ጥሬ ማንጎ ተፍቆ በሰናፍጭ ዘይትና በቃሪያ የታሸ። ከባሏ ጋር ለተኳረፈች ሚስት፣ ጥሬ ማንጎ በአገዳ ስኳር የተቀቀለ፤ ባልየውም ከዚያው ይታዘዝለታል፤ ለእርሱ ግን ስኳሩ ይቀራል።

አንድ ቃል አላቸው። ስለ ምግብም፣ ስለ ምርጫም፣ ስለ ሰርግም ሲጠየቁ የሚሰጡት ፍርድ ይኸው ነው፤ «ኮምጣጣ ይጎድለዋል።» የሬዲዮ ዜና ሰምተው «ኮምጣጣ ይጎድለዋል» ይላሉ። ለልጇ ባል ለመምረጥ የመጣችን እናት የሙሽራውን ፎቶግራፍ ተቀብለው በክንድ ርቀት ይዘው ከመረመሩ በኋላ «መልከ መልካም ነው፤ ኮምጣጣ ይጎድለዋል» ብለው ይመልሱላታል። ከአራት ዓመት በፊት እኔ ራሴ በሰፈራችን ክበብ ስለ ጥንታውያን የሰዋስው ሊቃውንት ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግር አድርጌ ነበር። ጉባኤው ሲበተን ፒሺማ ቀርበው «መምህር፣ ደኅና ነበር፤ ኮምጣጣ ጎደለው እንጂ» አሉኝ። ሦስት ቀን አላነጋገርኋቸውም። በአራተኛው ቀን ንግግሬን አውጥቼ እንደ ገና አነበብሁት፤ በአምስተኛው ቀን ሄጄ አነጋገርኋቸው።

በጠዋት ገበያ ሲመጡ ማንጎ ሻጩ ኪንካር ከመቀመጫው ይነሣል፤ ይህ ግን ከአክብሮት ይልቅ ከሥጋት የመጣ ነው።

«ፒሺማ፣ የዛሬው ማር ነው፤ ማር።»

«ማር ከፈለግሁ ንብ አረባለሁ። ያንተ ማንጎ አስለቅሶኝ ያውቃል?»

«የሚያስለቅስ ከሥር አለ። እሱን ግን ለሰው አልሸጥም፤ ደንበኛ ያኮርፈኛል።»

«እኔ ሰው አይደለሁም። አውጣ።»

ያወጣል። እርሳቸውም በጥፍራቸው ልጡን ጫር አድርገው፣ የሚወጣውን ነጭ ፈሳሽ አይተው፣ ከሃምሳው ዐሥራ አንዱን ይመርጣሉ። የቀሩትን ሠላሳ ዘጠኝ «ለሕፃናትና ለሹማምንት ይሁኑ» ብለው ያሰናብታሉ።

የበጋው ሙቀት በሚበረታበት በቦይሻክ ወር፣ ከቀትር በኋላ ሰሜን ምዕራቡ ጠቁሮ ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ፣ አስተዋይ ሰው ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል። ፒሺማ በሩን ይከፍታሉ፤ አንሶላ ይዘው። ነፋሱ የሚያረግፈው ማንጎ መሬት ሳይመታ መቀለብ አለበት፤ የተመታ ማንጎ በውስጡ ይጠቁራልና። አንሶላ ደግሞ አራት ጫፍ ስላለው አራት ሰው ይፈልጋል። አርባ ዓመት ሳንስክሪት ያስተማርሁ፣ ደቀ መዛሙርቴ ዳኞችና ሐኪሞች የሆኑልኝ እኔ፣ ከወገቤ በታች የታጠቅሁት ነጭ ዶቲ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ከዛፍ ሥር የአንሶላ ጫፍ ይዤ ቆሜ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ማንጎ ግንባሬን መታኝ። ፒሺማ ሮጠው መጡና አጎንብሰው አነሡት፤ አገላብጠው አዩት። «ተርፏል» አሉ። ግንባሬን አላዩትም።

የወጥ ቤታቸው ሕግ ጥብቅ ነው። ከማንኛውም ምግብ የመጀመሪያው ጭልፋ የሚቀርበው በጸሎት መደርደሪያው ላይ ለተቀመጠው ለሕፃኑ አምላክ ለጎፓል ነው። ለእርሱ ሳይቀርብ ከድስቱ የቀመሰ ሰው ምግቡን አረከሰ። ስለዚህ ፒሺማ ሲያበስሉ አይቀምሱም፤ እናታቸውም አልቀመሱም፤ የአማታቸው እናትም። ዓሣውንማ አቅርበውም አይቀምሱትም፤ መበለት ናቸውና ሠላሳ አንድ ዓመት በአፋቸው አልዞረም። ሆኖም በሸማኔዎች ሰፈር ሰርግ ሲኖር ጥሬ ማንጎ የገባበትን የዓሣ መረቅ የሚሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ያንን መረቅ የበላ ሰው ከዚያ ወዲያ በሌላ ሰርግ ላይ ይተክዛል። ሳይቀምሱ እንዴት ልኩን እንደሚያውቁ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። አፉ የሞላ ሰው አይጠይቅም።

አሁን ወደ ጭልፋው ልምጣ።

በቦይሻክ ወር ለመንገደኛ ውኃ መስጠት የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ፒሺማ ግን ውኃን ብቻውን አያምኑም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ ለሠላሳ ቀን፣ በሰፈሩ መግቢያ ከዋርካው ሥር ሁለት እንስራ አስቀምጠው የተጠበሰ ጥሬ ማንጎ መጠጥ በሸክላ ኩባያ ለሚያልፍ ሁሉ ሲያድሉ ኖረዋል። ጭልፋው ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ነው፤ ኮምጣጣው ነሐስን ስለሚበላ። እጀታው ከአውራ ጣታቸው ቅርጽ ጋር እስኪስማማ ድረስ ተበልቷል። የመጀመሪያው ጭልፋ ለጎፓል ይቀርባል፤ ሁለተኛው፣ ከመንገደኛ ሁሉ በፊት፣ ከእንስራው አጠገብ በተዘጋጀልኝ ወንበር ለምቀመጠው ለእኔ ይሰጣል። ይህ ማዕርግ እንዴት እንደ ደረሰኝ አላውቅም ነበር። ለዕውቀቴ የተሰጠ ክብር ይመስለኝ ነበርና በትሕትና ተቀብዬው ኖርሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጥፋት ደረሰብኝ። የከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ በዚያች በሁለተኛዋ ጭልፋ ሰዓት አለፈ። በሳምንቱ ፊቴ በመጀመሪያው ገጽ ወጣ፤ አፌ እንደ ኮሮጆ ተሰብስቦ፣ ግራ ዓይኔ ተከድኖ፣ ቅንድቤ ወደ ራሴ ጠጉር ተሰዶ። ከሥሩ «ሙቀቱ በርትቷል» የሚል ተጽፎ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ ዳኛ የሆነው፣ ደውሎ ጤንነቴን ጠየቀኝ፤ ከጀርባው ሚስቱ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለተኛ በአደባባይ ፊቴን ላላጨማድድ ለራሴ ቃል ገባሁ። ዘንድሮም ቦይሻክ ሲገባ ወንበሬ ላይ እንደ ሐውልት ተቀመጥሁ። ጠጣሁ። አንድ ጅማት አልተንቀሳቀሰም። በራሴ ኮራሁ።

ከዘንድሮው ቦይሻክ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በብርዱ ጊዜ፣ በጥር ግድም፣ ፒሺማን ጽኑ ትኩሳት ይዟቸው ነበር። ሲድኑ ምላሳቸው አብሮ አልዳነም። የወንድማቸው ልጅ ሚስት ማዱሽሪ አንድ ቀን በስሕተት ጨው ጨምራ ሻይ ብታቀርብላቸው እስከ አተላው ጠጥተው «ድገሚኝ» አሏት። ማዱሽሪ ደንግጣ ይህን ለአንዲት ጎረቤት በምሥጢር ነገረች፤ ስለዚህ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ዐወቀው።

መጠጡም ከቀን ወደ ቀን እየጎመዘዘ ሄደ። በመጀመሪያው ሳምንት መንገደኞች አመሰገኑ፤ በሁለተኛው ሳምንት አመስግነው ኩባያውን ከዋርካው ጀርባ ደፉ፤ በሦስተኛው ሳምንት በመንገዱ በዚያኛው ጥግ መሄድ ጀመሩ። የባጃጅ ነጂው ላልቱ፣ በቀን ሦስት ኩባያ ይጠጣ የነበረው፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጎ ኩባያውን ትኩር ብሎ ያየው ጀመር።

«ምነው ልጄ?» አሉት ፒሺማ።

«ምንም፣ ፒሺማ። ጆሮዬ ጮኸ።»

እኔም ከወንበሬ ሆኜ፣ ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ «ምስኪን፣ ምላሷ ጠፍቶባት ነው» እል ነበር፤ በልቤ።

የክበባችን ጸሐፊ ሺብሻንካር ይባላል። ዕድሜውን ሁሉ በባቡር ትኬት ሲቈጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ዛሬም ዓለምን ትኬት ባለውና በሌለው የሚከፍል ሰው ነው። ስብሰባ ጠራ። አንድ ነጋዴ በጠርሙስ የታሸገ ጣፋጭ መጠጥ በነጻ ሊያቀርብ ተስማምቷልና የውኃው አገልግሎት «ከግለሰብ እጅ ወጥቶ ወደ ክበቡ እንዲመለስ» ሐሳብ አቀረበ። ማንም ደስ አላለውም፤ ማንም አልተቃወመም፤ ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ነበርና። በመጨረሻ ሐሙስ ቀትር ላይ አምስት የኮሚቴ አባላት ቀምሰው እንዲፈርዱ፣ መጠጡ የማይጠጣ ከሆነ ፒሺማ ጭልፋውን እንዲያስረክቡ ተወሰነ። ይህን በዘዴ የሚነግራቸው ሰው ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ረቡዕ ጠዋት ሄድሁ። በግቢያቸው ፍም ላይ ማንጎ እያገላበጡ ነበር። በክብር የተሠራ የመግቢያ ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ዕድሜና ስለ ዕረፍት። ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሳልወጣ አቋረጡኝ።

«ጭልፋውን ሊወስዱብኝ ነው፤ አይደል?»

«ፒሺማ፣ ማንም በክፉ አይደለም። ምላስዎ ስለ ታመመ...»

«ምላሴ አልታመመም። ሄዷል። ጨውም ስኳርም አንድ ሆኖብኛል።»

«ታዲያ መጠጡ ቢበላሽ...»

«መጠጡን ያበላሹት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«እርስዎ፣ መምህር። ሠላሳ ዓመት ሁለተኛዋን ጭልፋ የምሰጥዎ ለምን መሰለዎት? ለዕውቀትዎ?»

ዓይኔን ወደ ፍሙ መለስሁ።

«በዚህ ሰፈር እንደርስዎ ያለ ፊት የለም» አሉ፤ ማንጎውን በጭራሮ እየገለበጡ። «ሲያንስ ቅንድብዎ ብቻ ይነሣል። ልክ ሲሆን ግራ ዓይንዎ ይከደናል። ሲበዛ ሁለቱም ይከደኑና ጆሮዎ ይነቃነቃል። እኔ እሱን አይቼ እንስራውን አስተካክላለሁ። ዘንድሮ ግን ግድግዳ ሆኑብኝ። ጨመርሁ፤ ግድግዳ። ስኳር ቀነስሁ፤ ግድግዳ። ምን ነካቸው፣ እሳቸውም እንደኔ ምላሳቸው ሄደ እንዴ ብዬ አዘንሁልዎ።»

«ከጨዋነት ነበር፣ ፒሺማ» አልሁ።

«ጨዋነትዎን ላልቱ ጠጣው።»

ከዚህ በኋላ የተጠበሱትን ማንጎዎች ከፍሙ ላይ አንድ በአንድ አነሡ። ፒሺማ ልጅ አልወለዱም። በዓመት ዐሥራ አንድ ወር ጉልበታቸውን ይዘው ቤት ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ወር ግን ከተማው ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። ይህን ዐውቅ ነበር፤ እንዲህ ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ከወሰዱብኝ በቦይሻክ ምን ልሠራ ነው? ቁጭ ብዬ ማንጎው ሲበስል ልመለከት?»

ወደ ቤቴ ስመለስ ሺብሻንካር መንገድ ላይ አገኘኝና፣ ውሳኔው በታሪክ እንዲመዘገብ፣ ያንኑ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ለሐሙስ እንደ ጠራው በኩራት ነገረኝ። ሰው ለባልንጀራው ሕይወቱን ስለ መስጠቱ ብዙ አስተምሬአለሁ፤ ፊቱን ስለ መስጠት ግን መጻሕፍቱ ዝም ይላሉ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ዋርካው ሥር ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አምስቱ የኮሚቴ አባላት በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው እንደ ተከሳሾች ይቁነጠነጣሉ። ላልቱ ባጃጁን አቁሞ በሩቁ ይመለከታል። ፎቶግራፍ አንሺው መሣሪያውን ያስተካክላል። ፒሺማ ነጭ ሳሪያቸውን ለብሰው፣ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለጎፓል አቅርበው ሲያበቁ፣ ሁለተኛውን ቀድተው ለእኔ ሰጡኝ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ፊቴ ላይ ተከሉ።

ጠጣሁ። ፊቴን ለቀቅሁት።

ሁለቱም ዓይኖቼ ተከደኑ። ጆሮዬ ተነቃነቀ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጆሮዬ እንደሚነቃነቅ አላውቅም ነበር። የካሜራው ድምፅ ተሰማኝ። ስገልጥ ፒሺማ ከእንስራው ግማሹን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ውኃና ስኳር እየጨመሩበት ነበር። እንደ ገና ቀዱልኝ። ቅንድቤ ብቻ ተነሣ። «አነሰ» አሉ ለራሳቸው፤ ከገለበጡት አንድ ጭልፋ መለሱበት፤ ከሙን በተኑበት። ሦስተኛውን ጠጣሁ። ያ የድሮው የእሳትና የጭስ ጣዕም ከምላሴ ሥር ተነሥቶ እስከ ዓይኔ ወጣ፤ ግራ ዓይኔም፣ እኔ ሳላዝዘው፣ ቀስ ብሎ ተከደነ።

«ስጫቸው» አሉ ፒሺማ ማዱሽሪን፤ ወደ ኮሚቴው እያመለከቱ። ጭልፋውን ግን አልሰጧትም፤ ኩባያዎቹን ብቻ ነው ያስያዟት። ራሳቸው ቀዱ።

አምስቱ ጠጡ። ኩባያቸውንም አራገፉ። ከዚያ ላልቱ በሰው መካከል ሰንጥቆ መጣና ባዶ እጁን ዘረጋ። አንዱን ኩባያ ጨረሰ፤ እንደ ገና ዘረጋ። በዚያኛው ጥግ ይሄዱ የነበሩ ሁለት መንገደኞች ቆመው ተያዩና ተሻገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለቱም እንስራዎች ተሟጠጡ። የእኔ ፎቶግራፍ በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከአምናው የባሰ ነው። ዳኛው ተማሪዬ ዳግመኛ ደወለ። ፎቶግራፉን ቈርጬ በመስታወት አስገብቼ ከምስክር ወረቀቶቼ መካከል ሰቅዬዋለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ የደከምሁበት እርሱ ነውና።

ሺብሻንካር ግን ሥርዓት ወዳድ ሰው ነው። ሦስት ኩባያ ጠጥቶ፣ ጺሙን ጠርጎ፣ በጸሐፊነቱ ተነሣ።

«ፒሺማ፣ መጠጡ ግሩም ነው፤ አልክድም» አለ። «ነገር ግን ሕግ ሕግ ነው። ምላሱ የማይሠራ ሰው እንስራ ላይ እንዴት ይቆማል? ደክመዋል፤ ጭልፋውን ለማዱሽሪ ይስጧትና እርስዎ ይረፉ።»

ፒሺማ ጭልፋውን በሳሪያቸው ጫፍ አደረቁ። እንዲህም ሲሉ መለሱለት፤

«ስማኝ ሺቡ፤ እኔ ማብሰል ከጀመርሁ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ለጎፓል ሳይቀርብ ከድስት ቀምሼ አላውቅም፤ ዓሣውንማ ባሌ ከሞተ ወዲህ ሽታውን ብቻ ነው የማውቀው፤ አንተ ግን በገዛ ሰርግህ ሦስቴ ስታስጨምር አይቼሃለሁ። ያን ጊዜ ምላሴ የት ነበረች? ሥራ ፈታ አፌ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አሁን ሄደች አላችሁኝ፤ ትሂድ፣ ለስድብ የምትበቃኝን ያህል ትታልኝ ሄዳለች። እኔ የማበስለው በምላሴ አይደለም፤ በናንተ ፊት ነው። ማዱሽሪ ከነገ ጀምሮ ከጎኔ ትቁም፤ ፊት ማንበብ ትማር፤ ስታውቅበት እናያለን። ጭልፋውን ግን የመምህር ግራ ዓይን እስከተከደነልኝ ድረስ አልሰጥም። ሁለቱም ለዘለዓለም የተከደኑ ቀን ደግሞ አልቅሼ ሸኝቻቸው፣ በማግስቱ አንተን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጥሃለሁ፤ ፊትህ ደኅና ነው፤ ኮምጣጣ ብቻ ነው የጎደለው።»